የልብስ ሳሙና በቤት ስለ መሥራት

የልብስ ንጽሕና የጤና መጠበቂያ እንጂ የጌጥ ነገር ብቻ አይደለም። ተስቦና ትኩሳቱ ለቆ የሚያገረሸው በሽታ ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፉት በልብስ ስፌት ውስጥ በሚራባ ቅማል ነው፤ እከክም በልብስና በመኝታ በኩል ይዛመታል። ስለዚህ ልብሱን በየጊዜው በሳሙናና በሙቅ ውሃ የሚያጥብ ቤተ ሰብ ከብዙ ደዌ ይጠበቃል። ነገር ግን ሳሙና በገንዘብ የሚገዛ ስለ ሆነ፥ ኪስ በጎደለ ጊዜ ከቤት ወጪ አስቀድሞ የሚቀነሰው እርሱ ነው። እናትም የቀረችውን ቍራጭ ለእጅና ለፊት አስቀርታ ልብሱን በባዶ ውሃ ታሻለች።

ሳሙና የሚሠራበት ነገር ግን ከቤት የራቀ አይደለም። በአዲስ አበባ ደቡብ ጫፍ በአቃቂ ቃሊቲ፥ እንደ ሌላውም አገር ሁሉ፥ በበዓል ጊዜ ጎረቤት ተሰብስቦ በሬ ገዝቶ ቅርጫ ይካፈላል፤ ከሥጋው ጋራ ብዙ ሞራ ይወጣል፤ ከዚያም ሞራ ግማሹ ለውሻና ለአሞራ ይጣላል። ከምድጃውም በየቀኑ አመድ ይደፋል። እነዚህ ሁለት የሚጣሉ ነገሮች በልክ ሲገናኙ ሳሙና ይሆናሉ። ልክ የተባለውም ቃል የሥራው ሁሉ ቍልፍ ነው፤ ሳሙና በመጠን ሲሠራ ልብስ ያነጻል፥ ያለ መጠን ሲሠራ ግን ልብስ ይበላል፥ እጅም ያቆስላል።

ስለ እንዶድ

ሳሙና ከባሕር ማዶ በብዛት ሳይገባ በፊት የኢትዮጵያ ሰው ልብሱን የሚያጥበው በእንዶድ ነበር። እንዶድ በደጋና በወይና ደጋ፥ በአጥርና በወንዝ ዳር፥ በሌላ ዛፍ ላይ እየተንጠላጠለ የሚያድግ ቍጥቋጦ ነው፤ በኦሮምኛ ሃንዶዴ ይባላል። በአቃቂ አጠገብ የአዲሱ የጅቡቲ ባቡር የጭነት ጣቢያ ያለበት ስፍራ እንዶዴ መባሉ የዚህን ተክል ስም ያስታውሳል። ፍሬው እንደ ወይን ዘለላ ይንዠረገጋል፤ ቀልቶ ሳይበስል ተለቅሞ በፀሓይ ደርቆ በሙቀጫ ይወቀጣል፤ ዱቄቱም በውሃ ሲታሽ ብዙ አረፋ ይሰጣል። ነጭ ጋቢና ነጠላ በእንዶድ ሲታጠብ ድሩ ሳይጎዳ ንጣቱን እንደ ያዘ ይኖራል፤ ስለዚህም ባልቴቶች እስከ ዛሬ ድረስ ለጥሩ ሸማ ከሳሙና ይልቅ እንዶድን ይመርጣሉ።

የእንዶድን ጥቅም ለዓለም ያስታወቁት ኢትዮጵያዊው ሊቅ ዶክተር አክሊሉ ለማ ናቸው። በ1964 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በዐድዋ አካባቢ የብልሃርዝያን በሽታ ሲመረምሩ፥ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ስፍራ ዝቅ ብሎ በወንዙ ውስጥ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በዝተው አገኙ። የብልሃርዝያ ትል ወደ ሰው ከመግባቱ በፊት የሚያድገው በቀንድ አውጣ ውስጥ ነውና፥ ቀንድ አውጣው ሲሞት የበሽታው መንገድ ይቈረጣል። ለዚህም ሥራ ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋራ በ1989 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበሉ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው የፓቶባዮሎጂ ተቋምም በስማቸው ይጠራል።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ትምህርት ይገኛል። አንደኛው፥ እናቶች በወንዝ ዳር የሚሠሩት ሥራ ለሊቅ ምርመራ የሚበቃ ዕውቀት ያለበት መሆኑ ነው። ሁለተኛው፥ ቀንድ አውጣ የሚገድል ነገር ዓሣንም እንደሚገድልና በሰው ሆድ ውስጥ ገብቶ እንደሚጎዳ ማወቅ ነው፤ ስለዚህ የእንዶድ ውሃ በወንዝና በኩሬ አይደፋም፥ ፍሬውም ሕፃናት ከሚደርሱበት አይቀመጥም። እንዶድ አረፋ ቢሰጥም ሳሙና አይደለም። ቅባት የጠጣውን የሥራ ልብስ፥ የሕፃን መጠቅለያና የመኝታ ጨርቅ ለማንጻት ግን ሳሙና ይበልጣል።

ሳሙና ምንድር ነው

ሳሙና ማለት ስብ ወይም ዘይት አልካሊ ከሚባል ኀይለኛ ነገር ጋራ ሲዋሐድ የሚወለድ ሦስተኛ ነገር ነው። አልካሊ ለብቻው ሥጋ ያቃጥላል፤ ስብ ለብቻው ልብስ ያሳድፋል፤ ሁለቱ በልክ ሲዋሐዱ ግን የአንዱም ክፋት አይቀርም። ከዚሁ ጋራ ግሊሰሪን የሚባል ጣፋጭና ወፍራም ፈሳሽ ይወለዳል፤ እርሱም በሳሙናው ውስጥ ቢቀር የአጣቢን እጅ ያለሰልሳል።

የሰው ልጅ ሳሙናን የሠራው ምክንያቱን ሳያውቅ ነበር። በሶርያ አገር በሐለብ ከተማ ከወይራ ዘይትና ከጋር ዘይት የሚሠራው ሳሙና ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ነው፤ ሳሙና የሚለውም ስም ከዐረቡ ሳቡን ከሚለው ቃል ጋራ ዘመድ ነው። በ1791 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ኒኮላ ለብላን የሚባል ፈረንሳዊ ከገበታ ጨው ሶዳ የማውጣት ብልሃት አገኘ፤ ከዚያም ወዲህ ሳሙና ሠሪዎች አመድ ከመልቀም ዐረፉ። በ1823 ደግሞ ሚሼል ሸቭረል የሚባል ሌላ ፈረንሳዊ የስብን ባሕርይ መርምሮ፥ ስብ ከአሲዶችና ከግሊሰሪን የተሠራ መሆኑን በመጽሐፍ ገለጠ። ሳሙና ሥራም ከግምት ወጥቶ በሚዛን የሚሠራ ዕውቀት የሆነው ከዚህ ወዲህ ነው።

ሳሙና እድፍን የሚያስለቅቀው እንዴት እንደ ሆነ ለተማሪ በምሳሌ ማስረዳት ይቻላል። የሳሙና ደቂቅ ክፍል እንደ ገመድ ሁለት ጫፍ አለው፤ አንዱ ጫፍ ስብን፥ ሌላው ጫፍ ውሃን ይወዳል። ልብስ ሲታሽ ስብ የሚወደው ጫፍ በእድፉ ቅባት ላይ ይሰካል፤ ውሃ የሚወደው ጫፍ ወደ ውሃ ይጎትተዋል፤ በዚህም ዐይነት ቅባቱ ከጨርቁ ተነቅሎ በውሃው ውስጥ ተበትኖ ይሄዳል። በሲኒ ውሃ ላይ ጥቂት ዘይት ጠብ አድርጎ ቢያማስሉት ዘይቱ ተመልሶ ይንሳፈፋል፤ ሳሙና ጨምሮ ቢያማስሉት ግን ውሃው እንደ ወተት ይነጣል፥ ዘይቱም ቶሎ አይለይም። ይህን ተማሪ ሁሉ በዓይኑ ሊያየው ይችላል።

ስቡን ስለ ማዘጋጀት

ለልብስ ሳሙና የበሬና የበግ ሞራ፥ የኑግ፥ የሱፍ፥ የጉሎ ወይም የፓልም ዘይት ይሆናል። ከሞራ የሚሠራ ሳሙና ጠጣርና ነጭ ነው፥ በውሃም ቶሎ አያልቅም፤ ከኑግ ወይም ከሱፍ ዘይት ብቻ የሚሠራው ለስላሳ ነው። ስለዚህ ሁለቱን ማደባለቅ መልካም ነው። ምግብ የተጠበሰበት ዘይትም በጨርቅ ተጠልሎ ሊጨመር ይችላል።

ሞራ እንዲሁ አይገባም። አስቀድሞ በቢላዋ ተከትፎ፥ ሥጋውና ደሙ ተለይቶ፥ በድስት ውስጥ ውሃና እፍኝ ጨው ተጨምሮበት በዝግታ ይፈላል። ሞራው ቀልጦ ሲያልቅ በጨርቅ ተጠልሎ በሌላ ዕቃ ይቀመጣል። በማግሥቱ ስቡ ከላይ ረግቶ፥ ቈሻሻውና ውሃው ከታች ቀርቶ ይገኛል። የረጋውን ስብ አንሥቶ ከታች የተለጠፈበትን ቈሻሻ በቢላዋ መፋቅ ነው። ሽታው ካልጠፋ ሥራው ሁለተኛ ይደገማል። በዚህ ዐይነት የጠራ ስብ ሳሙና ሲሆን የሞራ ጠረን የለውም።

በአመድ ውሃ ስለ መሥራት

ጥንታዊው አልካሊ የሚገኘው ከእንጨት አመድ ነው። የወይራ፥ የግራርና የባሕር ዛፍ አመድ ነጭና ደቃቅ ሆኖ ሲነፋ ለዚህ ሥራ ይሆናል፤ የኩበት አመድ ግን አፈርና አሸዋ ስለሚበዛበት አይመረጥም። ከታች በኩል ትንሽ ቀዳዳ ያለው ገንቦ ወይም በርሜል ይዘጋጃል፤ በወለሉ ላይ ጠጠርና ጭድ ይነጠፋል፤ አመዱ በላዩ ተጠቅጥቆ ሙቅ የዝናብ ውሃ በጥቂት በጥቂቱ ይፈስበታል። ከቀዳዳው የሚንጠባጠበው ቡናማ ውሃ የአመድ ውሃ ነው። ኀይሉ እንዲበረታ ያንኑ ውሃ እንደ ገና በአዲስ አመድ ላይ ያሳልፉታል። ጥሬ ዕንቍላል ሲጣልበት ተንሳፍፎ የራሱ ጫፍ የሳንቲም ያህል ከውሃው በላይ ቢታይ፥ ውሃው ጠንክሯል ማለት ነው።

የአመድ ውሃ ፖታሲየም ካርቦኔት የሚባል ነገር አለበት፤ ይህም ከስብ ጋራ የሚዋሐደው በዝግታና በድካም ነው። ኀይሉን የሚያሳድገው ኖራ ነው። በውሃ የበረደ ኖራ ከአመዱ ውሃ ጋራ ተደባልቆ ሲፈላ ነጭ ዝቃጭ ከታች ይወርዳል፤ ከላይ የሚጠራው ውሃ ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ይሆናል። ኖራው መብቃቱን ለማወቅ ከላይ የጠራውን ውሃ በሲኒ ጥቂት ቀድቶ፥ ሲበርድ ብዙ አቼቶ ማፍሰስ ነው፤ አረፋ እያወጣ ቢንተከተክ ኖራው አልበቃውም፤ ዝም ቢል ግን በቅቶታል።

ይህ የጠራ ውሃ በቀለጠ ስብ ላይ በጥቂት በጥቂቱ እየተጨመረ ለብዙ ሰዓት በዝግታ ይፈላል፥ ሳያቋርጡም ያማስሉታል። የስቡ ዓይን ጠፍቶ ሁሉም እንደ ማር ሲወፍር ሳሙና ሆኗል። ነገር ግን ከአመድ የሚሠራ ሳሙና ለስላሳ ነው፥ አይጠጥርም። እንዲጠጥር የሚፈልግ ሰው ጨው እየበተነበት ያማስለዋል፤ ሳሙናውም ከውሃው ተለይቶ እንደ እርጎ ከላይ ይረጋል። እርሱን ገፎ አጥልሎ በሣጥን ያፈሱታል። የዚህ ብልሃት ጥቅሙ ገንዘብ አለመጠየቁ ነው፤ ጉድለቱ ግን የአመዱ ኀይል እንደ እንጨቱ ስለሚለያይ ልኩን በሚዛን ማወቅ የማይቻል መሆኑ፥ ደግሞም ብዙ ማገዶ መፍጀቱ ነው።

ኮስቲክ ሶዳ ስላለበት አደጋ

በገበያ የሚሸጠው ኮስቲክ ሶዳ፥ በትምህርት ስሙ ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ፥ ጠጣር ሳሙና በቀላሉ ያወጣል፤ ልኩም በሚዛን የታወቀ ነው። ነገር ግን ከሥራው በፊት አደጋው መነገር አለበት፤ ይህን ያልተማረ ሰው ሶዳውን እንዳይነካው ይገባል።

ኮስቲክ ሶዳ በሥጋ ላይ ሲያርፍ ሥጋውን ይበላዋል፤ በዓይን ቢገባ ያሳውራል፤ ሰው ቢውጠው ጉሮሮውንና ጨጓራውን ይልጠዋል። ከሁሉ የሚከፋው በውሃ የተሟሟ ሶዳ ንጹሕ ውሃ መምሰሉ ነው። ስለዚህ በሃይላንድ ወይም በለስላሳ ጠርሙስ ፈጽሞ አይቀመጥም፤ የተጠማ ሕፃን ውሃ መስሎት ይጠጣዋልና። ሶዳው በራሱ ዕቃ ተከድኖ፥ ስሙ ተጽፎበት፥ በሚቈለፍ ሣጥን ይቀመጣል። የተሟሟውም ተርፎ አያድርም።

የሚሠራው ሰው የላስቲክ ጓንት ያጠልቃል፥ መነጽር ያደርጋል፥ እጀ ረጅም ልብስና የተሸፈነ ጫማ ይለብሳል። ሥራው የሚሠራው ነፋስ በሚገባበት ደጅ ነው፤ ሕፃናትና ከብት እንዲርቁ ይደረጋል። ሶዳው በውሃው ላይ ይጨመራል እንጂ ውሃ በሶዳው ላይ አይፈስም፤ ውሃ በሶዳ ላይ ቢፈስ በድንገት ፈልቶ ወደ ፊት ይረጫል። የአሉሚኒየም ድስት አይነካውም፤ ሶዳ አሉሚኒየምን እየበላ በእሳት የሚቀጣጠል ጋዝ ያወጣልና። የብረት፥ ያልተላጠ የሸክላ ቅብ ወይም ወፍራም የፕላስቲክ ዕቃ ይሆናል። ለዚህ ሥራ የተለየ ዕቃም ከዚያ ወዲያ ለምግብ አይውልም።

ሶዳ በሰውነት ላይ ቢፈስ የነካውን ልብስ ወዲያው አውልቆ፥ ሰውነቱን በሚወርድ ብዙ ውሃ ቢያንስ ለ20 ደቂቃ ማጠብ ነው፤ አቼቶ ወይም ሎሚ መቀባት አይገባም። በዓይን ቢገባ እንዲሁ ዓይኑን ከፍቶ በውሃ እያጠቡ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ነው። የዋጠ ሰው ቢኖር አፉ በውሃ ተጉመጥምጦ ፈጥኖ ወደ ሐኪም ቤት ይወሰዳል፤ የወረደው ሲመለስ ሁለተኛ ያቃጥላልና እንዲያስታውክ ማድረግ ክልክል ነው።

ስለ ልኩ

እያንዳንዱ ስብ የሚፈልገው የሶዳ መጠን ልዩ ልዩ ነው። ከዚህ በታች የተጻፈው መጠን ከሙሉው ልክ ከ100 እጅ 5 እጅ ያህል ተቀንሶለታል፤ ይኸውም ጥቂት ስብ ያለ ሶዳ ቢቀር እጅን አይጎዳም፥ ሶዳ ያለ ስብ ቢቀር ግን ይጎዳልና ነው።

ለ1 ኪሎ የበሬ ሞራ፦ 134 ግራም ሶዳ
ለ1 ኪሎ የበግ ሞራ፦ 131 ግራም ሶዳ
ለ1 ኪሎ የፓልም ዘይት፦ 134 ግራም ሶዳ
ለ1 ኪሎ የኑግ ዘይት፦ 128 ግራም ሶዳ
ለ1 ኪሎ የሱፍ ዘይት፦ 127 ግራም ሶዳ
ለ1 ኪሎ የጉሎ ዘይት፦ 121 ግራም ሶዳ

ለእያንዳንዱ ኪሎ ስብ ውሃው 350 ግራም ያህል ነው። ስብ ሲደባለቅ የያንዳንዱ ሶዳ ለየብቻ ተሰልቶ ይደመራል። ለምሳሌ 700 ግራም የበሬ ሞራና 300 ግራም የኑግ ዘይት ቢደባለቁ፥ ለሞራው 94፥ ለኑጉ 38 ግራም ይደርሳል፤ ድምሩም 132 ግራም ነው። ዘይትም ሆነ ውሃ በሚዛን ይመዘናል እንጂ በብርጭቆ አይሰፈርም፤ አንድ ሊትር ዘይት አንድ ኪሎ አይሞላምና። በእፍኝና በማንኪያ ሶዳ የሚሰፍር ሰው ሳሙና ሠራሁ ሲል መርዝ ይሠራል።

ስለ አሠራሩ

አስቀድሞ ሁሉም በየዕቃው ተመዝኖ ይቀመጣል። ሶዳው በቀዝቃዛው ውሃ ላይ በጥቂት በጥቂቱ እየተነሰነሰ በእንጨት ይማሰላል። ውሃው ያለ እሳት በራሱ እጅግ ይግላል፥ ትንፋግም ያወጣል፤ ስለዚህ ፊትን ዘወር አድርጎ መሥራት ይገባል። ጠርቶ እስኪበርድ ድረስ በሚጠበቅ ስፍራ ይቈያል። በዚህ ጊዜ ስቡ በዝግታ ይቀልጣል፥ ዘይቱም ይጨመርበታል። ሁለቱም ወደ 45 ወይም 50 ዲግሪ ሲወርዱ፥ ይኸውም ዕቃውን ከውጭ በኩል ሲነኩት ሙቀቱ እጅ የሚታገሠው ሲሆን፥ የሶዳው ውሃ በስቡ ላይ በቀጭኑ ይንቈረቈራል።

ከዚያ በኋላ ሳይቸኵሉ፥ ሳያቋርጡም ወደ አንድ ወገን ማማሰል ነው። ድብልቁ መጀመሪያ ይደበዝዛል፥ ቀጥሎ እንደ አጥሚት ይወፍራል። ከማማሰያው የሚንጠባጠበው በላዩ ላይ መስመር ሠርቶ ወዲያው የማይጠፋ ሲሆን ጊዜው ደርሷል። ይህም በእጅ ሲማሰል ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ተኩል ሊፈጅ ይችላል። ያን ጊዜ ላስቲክ በተነጠፈበት የእንጨት ሣጥን ይገለበጣል፤ ሙቀቱ እንዳይወጣበትም በጆንያ ይሸፈናል።

ከ24 ሰዓት በኋላ ጓንት እንደ ተደረገ በቢላዋ ወይም በቀጭን ሽቦ ይቈረጣል። ቍራጮቹ ነፋስ በመካከላቸው እንዲያልፍ ተራርቀው በመደርደሪያ ላይ 4 ሳምንት ይቈያሉ። ይህ መቈየት ለማድረቅ ብቻ ያለ ሥራ ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን የቀረው ሶዳ ከስቡ ጋራ ተዋሕዶ የሚያልቀው፥ ሳሙናውም ጠጥሮ በአጠባ ጊዜ ቶሎ የማይሟሟው በዚህ ጊዜ ነው። በ4 ሳምንት ውስጥ ከ1 ኪሎ ስብ የሚወጣው ሳሙና ከ1 ኪሎ ከሩብ በላይ ይመዝናል። በመጨረሻ ከሳሙናው ጥቂት ፍቆ በውሃ አሟሙቶ በፒኤች ወረቀት መፈተን ይቻላል፤ መልካም ሳሙና 9 ወይም 10 ያሳያል። ከ11 በላይ ቢያሳይ፥ ወይም በላዩ ላይ ነጭ ጠጠር ወይም ፈሳሽ ቢታይ፥ ሶዳው በዝቷልና ለእጅ አይሰጥም።

ስለ ውሃና ስለ አጠባ

መልካም ሳሙና በክፉ ውሃ አይረዳም። ኖራና ማግኒዚየም የሟሙበት የጕድጓድ ውሃ ሳሙናውን እየያዘ ነጭ ዝቃጭ ያደርገዋል፥ አረፋም አይሰጥም። ይህን ለማወቅ የዝናብ ውሃና የጕድጓድ ውሃ በሁለት ጠርሙስ እኩል ቀድቶ፥ እኩል ሳሙና ፍቆ ጨምሮ መናጥ ነው፤ የጕድጓዱ አረፋ ካነሰ ውሃው ጠጣር ነው። በክረምት ከጣራ የተጠራቀመ ውሃ ለአጠባ እጅግ የተመረጠ ነው፥ ሳሙናም ይቈጥባል።

በአቃቂ ወንዝ ልብስ ማጠብ ግን ዛሬ አይመከርም። ትልቁ አቃቂና ትንሹ አቃቂ በአዲስ አበባ መካከል አልፈው የከተማይቱንና የፋብሪካዎችን ዝቃጭ እየያዙ ወደ ደቡብ ይወርዳሉ፤ በአባ ሳሙኤል ሐይቅም ይገናኛሉ። ወንዙ የቀደመው ሰው የሚያውቀው ንጹሕ ውሃ ስላይደለ፥ በእርሱ የታጠበ ልብስ እድፉ ቢለቅም በሽታ ይዞ ይመለሳል። ደግሞም በዚያው ውሃ ጐመንና ሰላጣ የሚያለሙ ገበሬዎች አሉና፥ የሳሙና ውሃ ወደ ወንዙ መድፋት በእዳ ላይ እዳ መጨመር ነው። ልብስ በቤት በገንዳ ይታጠባል፤ እጣቢውም ከጕድጓድ ርቆ፥ አትክልት በሌለበት ምድር ላይ ይደፋል።

ቅማልና እንቍላሉ እንዲጠፉ ልብሱ በሳሙና ከታሸ በኋላ በሚያፈላ ውሃ ይቀቀላል። አቃቂ ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ስለ ሆነች ውሃ የሚፈላባት በ93 ዲግሪ አጠገብ ነው፤ ይህም ቅማልን ለማጥፋት ፈጽሞ ይበቃል። መቀቀል የማይችል የሱፍ ልብስ ግን በሙቅ ውሃ ታጥቦ ለብዙ ሰዓት በፀሓይ ይሰጣል።

በትምህርት ቤትና በመንደር ስለሚሠራው

መምህር ይህን ትምህርት በሦስት ከፍሎ ቢያስተምር መልካም ነው። በመጀመሪያው ቀን ተማሪዎች ዘይትና ውሃን በሳሙና አደባልቀው የሳሙናን ሥራ በዓይናቸው ያያሉ። በሁለተኛው ቀን ከላይ ከተጻፈው ዝርዝር ሒሳብ ይሠራሉ፤ 450 ግራም የበሬ ሞራና 550 ግራም የሱፍ ዘይት ቢደባለቁ ስንት ሶዳ እንዲያስፈልግ ያሰላሉ፤ የስቡን፥ የሶዳውንና የማገዶውን ዋጋ ደምረውም ከገበያው ሳሙና ጋራ ያመዛዝናሉ። በሦስተኛው ቀን መምህሩ ራሱ ሶዳውን ይዞ ይሠራል፤ ተማሪዎች ርቀው ይመለከታሉ። ሶዳ በተማሪ እጅ አይሰጥም። ሴቱም ወንዱም እኩል ይማራሉ፤ የልብስ እድፍ የሁሉ ነውና።

የአገር ሽማግሌዎችም የሚረዱበት መንገድ አለ። የቅርጫ ማኅበር በበዓል ጊዜ የሚጣለውን ሞራ አንድ ላይ ቢያከማች፥ ዕድሩም ሚዛንና የተለየ ድስት ቢገዛ፥ ለብዙ ቤት የሚበቃ ሳሙና በአንድ ቀን ሊሠራ ይችላል። ሶዳው በየቤቱ ከሚበተን ይልቅ በአንድ የታመነ ሰው እጅ ተቈልፎ መቀመጡ ደግሞ የሕፃናትን ሕይወት ያድናል። ለፋሲካ የተለቀመ ሞራ ያን ሳምንት ነጥሮ ሳሙና ቢሆን፥ 4 ሳምንቱን ጨርሶ ክረምት ሳይገባ ለአጠባ ይደርሳል፤ የክረምቱም የዝናብ ውሃ ሲመጣ ሳሙናው ደርቆ ይጠብቀዋል። በአንድ ድስት ዙሪያ የሚሰበሰበው ጎረቤት ሁሉ ሚዛኑን አይቶ፥ አደጋውን ሰምቶ፥ ወደ ቤቱ ሲመለስ ዕውቀቱንም እንደ ሳሙናው ተካፍሎ ይሄዳል።